ዕረፍት ሰዓት ላይ፣ ቧንቧው ጋ

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለልጄ አነበብኩለት። ስሙ እንዳይጠራ፣ የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጻፍ፣ ፎቶውም እንዳይለጠፍ ጠየቀኝ። ሦስቱንም እሺ አልኩት። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «የቧንቧውን ነገር ግን ጻፈው» አለኝ።

ነገሩ የጀመረው በሆድ ቁርጠት ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዘንበል ማለት ስትጀምር ልጄ ሆዱን መያዝ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ይብስበታል። ቁርሱን ሳይነካ ይነሳና ዩኒፎርሙን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እናቱ ፌጦ በሎሚ አድርጋ አጠጣችው፤ አልተሻለውም። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ሰገራ ተመርምሮ አሜባ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ጨርሶም ሳይሻለው ሲቀር ሌላ ቦታ ሄድን፤ ደም ተመርምሮ ታይፎይድ ነው ተባለ። ያንንም ጨረሰ። ቅዳሜ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ከእህቱ ጋር ይጣላል። እሑድ ሲመሽ እንደገና ሆዱ።

በእነዚያ ሳምንታት የምጠይቀው ሁሉ ስለ ሆዱ ነበር። ደጅ የሚሸጥ ፓስቲ በልተሃል? ውሃ ከየት ጠጣህ? እጅህን ታጥበሃል? የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲመጣና ማርኩ ወርዶ ሳየው ደግሞ ስንፍና መሰለኝ። ስልክ ከለከልኩት። «ለመማር ነው የሄድከው ወይስ ለጨዋታ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።

የነገረችን ታናሽ እህቱ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። እናቷና እኔ ምሳ ላይ ሦስተኛ ክሊኒክ ስለመሞከር ስንነጋገር እንጀራዋን እየቆረሰች፣ «እሱ እኮ ጓደኛ የለውም» አለች።

«እንዴት የለውም?»

«የለውም። ዕረፍት ሰዓት ላይ ቧንቧው ጋ ነው የሚቆመው። ውሃ የሚጠጣ ይመስላል፤ ግን አይጠጣም። ደወል እስኪደወል ይቆማል።»

ልጄ ቀና አላለም። እናቱ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ የቆረስኩትን ጉርሻ ይዤ ቀረሁ።

ትምህርት ቤቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። በአዲሱ የትምህርት ሥርዓት ስድስተኛ ክፍል የአንደኛ ደረጃ ማብቂያ ነው፤ ልጆች የክልል ፈተና ይፈተናሉ፣ ከዚያ ሰባተኛና ስምንተኛን በመካከለኛ ደረጃ ይማራሉ። ብዙ ወላጅ ይህችን መሻገሪያ ልጁን «የተሻለ ቦታ» ለማስገባት ይጠቀምባታል። እኔም ውጤታቸው የሚወራላቸውን ትምህርት ቤቶች አጠያየቅሁ፣ ክፍያውን አሰላሁ፣ ለትምህርት ቤቱ እንዲቀርበን ብለን ከታቦር ተራራ ሥር ከነበረው ኪራይ ቤታችን ወደ ከተማዋ ሌላ ጫፍ ተዛወርን። ቤተ ሙከራው እንዳለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እንደሚሠራ፣ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ አረጋገጥኩ። ልጄ እዚያ አንድም የሚያውቀው ሰው እንደሌለው ልቤ ያውቅ ነበር፤ ግን እንደ ጉዳይ አልቆጠርኩትም።

ታቦር ሥር ስንኖር አጥራችንን የሚጋራ ጎረቤት ልጅ ነበር። ከልጄ በአራት ወር ይበልጣል። አፈር ፈጭተው ጭቃ አቡክተው ያደጉ የሚባሉ ዓይነት ናቸው። በላስቲክ ኳስ ጀመሩ፣ በብይ ቀጠሉ፣ በኋላ አንዱ የአርሰናል አንዱ የማንቸስተር ሆነው እየተከራከሩ አደጉ። ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ላይ ወጥተው ሐይቁን ከላይ ያያሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ነው፤ በር ላይ ደርሰው ሳይለያዩ ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። ባለቤቴ «ቀኑን ሙሉ አብራችሁ ውላችሁ ምን ቀራችሁ?» ትላቸው ነበር። የተለያዩ ዕለት አልተላቀሱም። ሰላም ተባባሉ፣ እኛ ዕቃ ጫንን፣ ሄድን። ስላልተላቀሱ ቀላል መሰለኝ።

ከእህቱ ንግግር በኋላ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራዬ ሌላ ነው፤ በሥነ ልቦና አልተመረቅሁም። ግን ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዝቼ ያልዳነ ሕመም ሥሩን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

መጀመሪያ የያዘኝ ሃሪ ስታክ ሱሊቫን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ሐሳብ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው የሞተው፤ ንግግሮቹ ከሞተ በኋላ በ1953 በመጽሐፍ ወጡ። ልጅ ስምንት ዓመት ተኩል፣ ዘጠኝ፣ አሥር ሲሆነው አንድ አዲስ ነገር ይበቅልበታል ይላል፦ የልብ ጓደኛ። ከዚያ በፊት ጓደኛ አብሮ የሚጫወት ነው፤ ማንም ቢሆን ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ግን ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ደስታ እንደ ራሱ ደስታ ይሰማዋል። ጓደኛው ሲወቀስ እሱ ያፍራል፣ ጓደኛው ሲያሸንፍ እሱ ይኮራል። ራሱንም የሚያየው በዚያ ልጅ ዓይን ነው፦ እኔን የሚመስል ሌላ ሰው አለ፣ እሱ ከወደደኝ እኔ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሱሊቫን እንደሚለው በቤት ውስጥ የቆሰለ ልጅ እንኳ በዚህ ዕድሜ እውነተኛ ጓደኛ ካገኘ ብዙ ነገር ይድንለታል።

ይህን ሳነብ የልጄን ዕድሜ ቆጠርኩ። ያ ሥር መያዝ ከጀመረ ሦስት አራት ዓመቱ ነው። እኔ የነቀልኩት ልክ ሲጠነክር ነው። እኔ ብቻም አይደለሁም። በየዓመቱ ስድስተኛ ክፍል ሲያልቅ በየከተማው ስንት ጥንድ ልጆች እንደሚለያዩ አስቡት። ለማርኩ የሚጨነቅ ሞልቷል፤ ለዚህ የሚጨነቅ ግን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ያነበብኩት ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ነው። 103 የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለአራት ቀን በየቀኑ ደጋግመው ምን እንደገጠማቸውና ከማን ጋር እንደነበሩ ጻፉ፤ ምራቃቸውም ተወስዶ ኮርቲሶል የሚባለው ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ሆርሞን ተለካ። አንድ ክፉ ነገር ሲገጥማቸው፣ ለምሳሌ ሲጣሉ ወይም መምህር ሲቆጣቸው፣ የቅርብ ጓደኛቸው አጠገባቸው ካልነበረ ኮርቲሶሉ ይጨምራል፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ይወርዳል። ጓደኛቸው አጠገባቸው ከነበረ ግን ለውጡ ያን ያህል አይደለም። ጓደኛው ምንም ማድረግ አላስፈለገውም። አጠገቡ መኖሩ በቂ ነበር።

ስለዚህ የልጄ ሆድ ሲያመው እውነት ያመው ነበር። አላስመሰለም። ጓደኛ የማጣት ጭንቀት በሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ነገር ነው፤ በእኛ ቤት ሆድ ውስጥ ገባ። እኔ አሜባና ታይፎይድ ስፈልግለት እሱ የሚያውቀውን ነገር ለመናገር ቃል አልነበረውም። ቢኖረውስ ለማን ይናገር? «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» የሚል አባት ነበረኝ፤ እኔም ሳላስበው እሱኑ ሆኜ ቆየሁ።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፤ ከተማዋ ገና አዋሳ ስትባል። ጓደኛዬና እኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣን አሞራ ገደል ነበር የምንሄደው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ መረቡን በማፍታታት እናግዛለን፣ ትንንሽ ቆሮሶ ይሰጡናል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጥለን የምናልፈውን አንጀት እየጠበቁ ከኋላችን ይቆማሉ። የጓደኛዬ አባት የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። አልጋና ብፌ የተጫነበት አይሱዙ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያወዛውዝልኝ አሁንም ይታየኛል። እናቴ አየችኝና «አይዞህ፣ ሌላ ጓደኛ ሞልቷል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አሞራ ገደል መሄድ ተውኩ። ለምን እንደተውኩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም፤ ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ዓሣ ሰልችቶኝ ነው እያልኩ ኖሬአለሁ።

እናቴን አልወቅስም። ግን ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል። እኛ ጓደኝነትን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። አዋቂው ብቻውን እንዳይቀር ስንት ነገር ሠርተናል፦ እድር አለ፣ እቁብ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚጠራሩበት ቡና አለ። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ተጥሎ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ ብቻውን እንዲያዝን የሚተወው የለም። ለአንዲት ሴት የልብ ጓደኛዋ ብትሞትባት «ሌላ ጓደኛ ሞልቷል» የሚላት ሰው ቢኖር ነውር ነው። ለ12 ዓመት ልጅ ግን እንላለን። ጓደኛው በሕይወት አለ እንላለን፣ ልጅ ይረሳል እንላለን። ልጁም ሐዘኑ ሐዘን እንደሆነ ማንም ስላልነገረው ቧንቧ ጋ ይዞት ይቆማል።

እረሳለሁ ብሎ የሚቀር ነገርም አይደለም። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆሴፍ አለን የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 169 ወጣቶችን ከ15 ዓመታቸው እስከ 25 ዓመታቸው ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አወጡ። በ15 ዓመታቸው አንድ ጥብቅ ጓደኛ የነበራቸው ልጆች በ25 ዓመታቸው ድብርታቸው ቀንሶ፣ ሰው መሀል የመጨነቅ ነገራቸው ቀንሶ፣ ለራሳቸው ያላቸው ዋጋ ጨምሮ ተገኙ። በብዙዎች ዘንድ ተፈላጊ የነበሩት፣ ስማቸው የሚጠራው ልጆች ግን እንዲያ አልነበሩም፤ እንዲያውም ሰው መሀል የመጨነቁ ነገር በእነሱ ላይ ጨምሮ ታየ። ይህ ለእኔ እፎይታ ነበር። ልጄ ዝምተኛ ነው፤ ግቢውን ሙሉ ጓደኛ ማድረግ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። የሚያስፈልገው አንድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆችና ወጣቶች ከሰባት አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ጓደኛ ይፈታዋል እያልኩ አይደለም። ልጅ ለሳምንታት መብላትና መተኛት ካቆመ፣ የሚወደውን ሁሉ ከተወ፣ መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ ባለሙያ ጋ መሄድ ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ወደዚያ መሄድ ታይፎይድ ለመመርመር ከመሄድ የሚለይ ነገር አይደለም።

ጓደኛ የሚጎዳበት ጊዜም አለ፤ ይህንንም መሸፋፈን አልፈልግም። ቤታችን ውስጥ የምንፈራው አንዱን ዓይነት ጉዳት ብቻ ነው፦ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር እንዲሉ፣ ባለጌ ልጅ ልጃችንን ያበላሽብናል እያልን። ፍርሃቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች የመኪና ጨዋታ በኮምፒዩተር ሲጫወቱ፣ ጓደኞቻቸው ሲያዩአቸው ብቻቸውን ካሉበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አደጋ ይደፍሩ ነበር፤ ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ግን ሰው ኖረም አልኖረ ያው ናቸው። ሆኖም እኔን ያሳሰበኝ ሌላኛው ጉዳት ነው፤ ከጥሩ ልጅ ጋር፣ በፍቅር መሀል የሚመጣው። ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው አማንዳ ሮዝ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያጠናችው ነው። ሁለት ጓደኛሞች ችግራቸውን ብቻ ደጋግመው ሲያወሩ፣ ያንኑ ነገር ሲያመነዥኩት፣ ጓደኝነታቸው ይጠብቃል፤ ግን ሴቶቹ ላይ ድብርቱና ጭንቀቱም አብሮ ይጨምራል። ወንዶቹ ላይ ጓደኝነቱ ጠበቀ እንጂ ጭንቀቱ ሲጨምር አልታየም። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በቴሌግራም ከጓደኛዋ ጋር የምታወራው ሁሉ ልቧን እንደማያቀልላት እወቁ። ከመከልከል ይልቅ ግን ከቤት አውጧቸው፤ ሐይቁ ዳር ይሂዱ፣ አብረው የሚሠሩት ነገር ስጧቸው። ወንድ ልጅ ያለን ደግሞ ችግራችን ተቃራኒው ይመስለኛል፤ ማውራትን ከመጀመሪያው የነፈግናቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ስህተት ነበር። የክፍል ኃላፊ መምህርቱ ጋ ደወልኩና ጎበዝና ጨዋ ልጅ አጠገቡ እንድታስቀምጥልኝ ለመንኳት። እሷም በቅንነት አደረገችው። ልጄ በዚያ ቀን ማታ አለቀሰ፤ በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። «ለምን ነገርካት? አሁን እኮ ሁሉም አወቁ» አለኝ። ያ ልጅም ታዝዞ እንደተቀመጠ ያስታውቅ ነበርና በሳምንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አባቴ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅምና እንዴት እንደሚባል አልመጣልኝም፤ «አጥፍቻለሁ» ብቻ አልኩት። እሱም «እሺ አባዬ» አለኝ።

ከዚያ የቅዳሜ አስጠኚውን አስቆምኩ። ገንዘቡን ለባጃጅ አደረግነውና ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ወደ ታቦር ይሄድ ጀመር። ችግሩ በአንድ ቅዳሜ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ነበር ያገኘኋቸው። ያኛውም ልጅ ሌሎች ጓደኞች ይዞ ነበር፤ የእነሱን ቀልድ ልጄ አያውቀውም። በሦስተኛው ሳምንት ተኳርፈው ተለያዩና ልጄ ሁለተኛ አልሄድም አለ። አላስገደድኩትም። በአራተኛው ቅዳሜ የባጃጁን ሂሳብ ራሱ ጠየቀኝ። የልጁ እናት በኋላ ለባለቤቴ እንደነገረቻት፣ ያም ልጅ እኛ ከሄድን ጀምሮ ተራራው ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እኛ አንድ ልጅ የታመመ መስሎን ነበር፤ ለካ ሁለት ናቸው።

አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ነገር ግን የተለወጠው እኔ ባላሰብኩት መንገድ ነው። የካቲት ላይ አንድ ቀን «አባዬ፣ ሰርቪሱን ልተወው? በእግሬ ልምጣ?» አለኝ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን በእግር 25 ደቂቃ ነው። መኪናው አስፈራኝ፣ ፀሐዩ አስፈራኝ፣ ለሴሚስተሩ የከፈልኩትም ታሰበኝ። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት እናቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ከማን ጋር?» አልኩት። አንድ ልጅ አለ አለ፤ ሰፈሩ በእኛ በኩል ነው፣ ሰርቪስ የለውም፣ ስለ አሮጌ ሬዲዮ ብዙ ያውቃል።

ያ ልጅ አንድ ቀን ቤታችን መጣ። የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ፈታትተው መሬት ላይ ዘርግተው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፤ የተናገሩት ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። ድሮ ብሆን «እስቲ ተጫወቱ፣ ምን ዝም ትላላችሁ?» እል ነበር። ባለቤቴ ቆሎ አቀረበችላቸው፤ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሆዱ አልፎ አልፎ አሁንም ያመዋል። ከታቦር ጓደኛው ጋር ያለው ነገር እንደ ድሮው አልሆነም፤ እንደሚሆንም አላውቅም። ልጄን በየቀኑ መጠየቅ ስላስጨነቀው ትቼዋለሁ። እህቱ ግን ሳልጠይቃት በየሳምንቱ አርብ ማታ አጠገቤ መጥታ ትነግረኛለች። ባለፈው አርብ ጣቶቿን እየቆጠረች፣ «ሰኞ ቧንቧው ጋ አልነበረም። ማክሰኞ ነበረ። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዛሬም አልነበረም» አለችኝ።